ላራፒንታ ወይስ ፊንክ፦ የአንድ አሮጌ ወንዝ ስም ነገር

ኤፕሪል 4 ቀን 1860 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት የሚባል ስኮትላንዳዊ አሳሽ ሁለት ሰውና 13 ፈረስ ይዞ ከደቡብ አውስትራሊያ ተነስቶ ወደ አህጉሩ እምብርት ሲገሰግስ አንድ ሰፊ ወንዝ ላይ ደረሰ። አሸዋው ነጭ፣ ዳርና ዳሩ ደሞ በግዙፍ ባህር ዛፍ የተያዘ፣ እኛ አገር ቀይ ባህር ዛፍ የምንለው እኮ አገሩ እዛ ነው፣ እዛ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። ስቱዋርት ወንዙን "ፊንክ" ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ዊልያም ፊንክ አደሌድ ከተማ የሚኖር ጀርመናዊ ባለሀብት ነው፣ ለስቱዋርት ጉዞዎች ገንዘብ ካወጡት አንዱ፣ ስቱዋርትም የልብ ወዳጄና ደጋፊዬ ብሎ ነው የጠቀሰው። ሰውየው ከሦስቱ ተጓዦች መሀል አልነበረም፣ የሚኖርበት ከተማም ከዛ ቦታ ከአንድ ሺ ኪሎሜትር በላይ ይርቃል።

ስቱዋርት በዛ አላቆመም። ከሁለት ቀን በኋላ አሸዋ መሀል ብቻውን የቆመ 50 ሜትር ገደማ የሚሆን የድንጋይ ዓምድ አየ፣ ቻምበርስ አለው፣ ጄምስ ቻምበርስ ሌላው ገንዘብ አውጪ ነው። ኤፕሪል 12 ላይ ደሞ ከፊቱ የተዘረጋውን የተራራ ሰንሰለት በጊዜው በነበረው የደቡብ አውስትራሊያ ገዢ ስም ማክዶኔል ብሎ ጠራው። ወንዝ፣ ዓምድና ተራራ በስምንት ቀን ውስጥ ተሰየሙ ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ስቱዋርትን እንደ ክፉ ሰው አላየሁትም፣ አሳሽ ለደጋፊዎቹ የሚመልሰው ነገር ስለሌለው ውለታውን በካርታ ላይ ስም ይከፍል ነበር፣ የዘመኑ ወግ ነው። ችግሩ ሦስቱም ስም የነበራቸው መሆኑ ነው። ዓምዱ ኢትርካዋራ ነው፣ ተራራው ቾሪቻ፣ ወንዙ ደሞ ላራፒንታ። ከ12 ዓመት በኋላ በ1872 ከአደሌድ እስከ ዳርዊን የቴሌግራፍ መስመር የስቱዋርትን መንገድ ተከትሎ ሲዘረጋ የሱ ካርታ የሁሉም ሰው ካርታ ሆነና አዲሶቹ ስሞች በዛው ጸኑ።

ላራፒንታ የሚለው በምዕራብ አረርንተ፣ ማለትም በላይኛው ወንዝ ነባር ሕዝብ ቋንቋ፣ ሁለት ቃል ነው፣ አሁን ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲጽፉት ለረ ፒርንተ ወደሚለው ይቀርባል። ለረ ማለት ወንዝ ነው፣ የወንዝ መውረጃው ራሱ፣ ውሃ ኖረውም አልኖረውም። ፒርንተ ደሞ ጨዋማ። ባጭሩ ጨዋማው ወንዝ። ይሄ ስም እንዴት እንደተሰጠ ለመረዳት ወንዙን ማወቅ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም እኛ ወንዝ ስንል በዓይነ ህሊናችን የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ የሚጋልብ ውሃ ነው፣ ላራፒንታ እንደሱ አይደለም። መሀል አውስትራሊያ ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች ይነሳና ከ600 ኪሎሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምስራቅ ተጉዞ የሲምፕሰን በረሃ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፣ በጣም ከባድ ጎርፍ ሲሆን ብቻ፣ እንደ 1974ቱ ዓይነት፣ ውሃው ካቲ ታንዳ ወደሚባለው የጨው ሀይቅ አቅጣጫ ይዘልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምታዩት አሸዋ ነው። አሸዋው መሀል፣ በተለይ ወንዙ ገደል ሰንጥቆ በሚያልፍባቸው ቦታዎች፣ ሳይደርቁ የሚቆዩ ኩሬዎች አሉ። ፀሀዩ የኩሬውን ውሃ ሲያተነው ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ብዙዎቹ ኩሬዎች ጎርፍ መጥቶ እስኪያጥባቸው ድረስ እየጨመሙ ይሄዳሉ። እዛ አገር ውሃ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን የቱ ይጠጣል የቱ አይጠጣም የሚለውም የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፣ ስሙ ይሄን ነው የሚነግራችሁ። ፊንክ የሚለው ስም የሚነግራችሁ ደሞ ብሩን ማን እንዳወጣ ነው።

አሁን ወደ እድሜው ልምጣ፣ ኢንተርኔት ላይ ይሄ ወንዝ በብዛት የሚታወቀው "የዓለማችን አሮጌው ወንዝ" በሚለው ስለሆነ። 300 ሚሊዮን፣ 350 ሚሊዮን፣ 400 ሚሊዮን ዓመት የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ሰው ይሄን ሲያነብ እዛ ቦታ ሳያቋርጥ 400 ሚሊዮን ዓመት የፈሰሰ ውሃ ይመስለዋል፣ ግን አባባሉ እንደዛ ማለት አይደለም። አሮጌ የሚባለው መንገዱ ነው፣ ማለትም ወንዙ የያዘው መስመር፣ እሱም ሁሉም ቦታ ሳይሆን የተወሰኑ ክፍሎቹ።

ማስረጃው ምን መሰላችሁ። ውሃ ተራራ ሲያጋጥመው ዝቅ ያለውን ፈልጎ ዞሮ ነው የሚሄደው። ላራፒንታ ግን በመንገዱ ያሉትን ሰንሰለቶች በቀጥታ ሰንጥቋቸው ያልፋል፣ ግሌን ሄለን የሚባለው ገደል ላይ ቀጥ ያለውን ቀይ ድንጋይ በሁለት ከፍሎት መሀል ለመሀል ወጥቷል። ከዛ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደሞ ሄርማንስበርግ ከሚባለው መንደር በታች ገደሉ ራሱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ጂኦሎጂስቶቹን የሚያስገርማቸው ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ወንዝ እንደዛ የሚጠማዘዘው ሜዳ ላይ ሲሆን ነው፣ ፍጥነት በሌለበት ለጥ ባለ መሬት። ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ ጥልቅ ሆኖ የተቀረጸ ጥምዝምዝ ካያችሁ ወንዙ መንገዱን የያዘው መሬቱ ሜዳ በነበረበት ዘመን ነው፣ ከዛ ቀስ በቀስ መንገዱን ሳይለቅ ወደ ታች ቆፈረ ማለት ነው። የሚገርመው ደሞ አሁን ካለው ገደል ጋር እንደ ሹሩባ የተጠላለፈ፣ ወንዙ ድሮ ጥሎት የሄደው ሌላ አሮጌ ጥምዝምዝ መኖሩ ነው፣ አንዱ ከፍ ብሎ አንዱ ዝቅ ብሎ።

ተራሮቹ የታጠፉበትና ወደ ላይ የተገፉበት ዘመን ከ450 እስከ 300 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ቁጥሮች የሚመጡት ከዚህ ነው፣ ወንዙ ተራሮቹ ሲነሱ እዛው ነበር፣ እነሱ ከፍ ሲሉ እሱ እየቆረጠ አብሯቸው ኖረ ከሚለው አስተሳሰብ። ሌላም አስተሳሰብ አለ፦ ተራሮቹ በአንድ ወቅት በደለል ተቀብረው ነበር፣ ወንዙ ከላይ ባለው ሜዳ ላይ መንገዱን ያዘ፣ ከዛ ደለሉ ሲታጠብ ወንዙ የያዘውን መስመር ይዞ የተቀበሩት ድንጋዮች ላይ ወረደ። ሁለተኛው ትክክል ከሆነ እድሜው ያንሳል፣ ቢያንስም ግን ሚሊዮኖች ነው የምናወራው። ስለዚ "በዓለም አንደኛ" የሚለውን እኔ ደፍሬ አልልም፣ አውሮፓ ውስጥ የሜዝ ወንዝ፣ አሜሪካ ውስጥ ደሞ "አዲሱ ወንዝ" የሚል ስም የያዘው ራሱ ለዚህ ማዕረግ የሚጠቀሱ ናቸው። "ከአሮጌዎቹ አንዱ" ማለት በቂ ነው፣ ያም ትንሽ ነገር አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2019 የወጣ ጥናት የናይልን መንገድ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ያለው፣ ምክንያቱ ደሞ የኛው የኢትዮጵያ ደጋ ከስር በመሬት ውስጥ እንቅስቃሴ ተደግፎ ለዚህን ያህል ጊዜ ከፍ እንዳለ መቆየቱ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልውጣና አንድ ለኛ የሚቀርብ ታሪክ ላምጣ። ቅድም ስሙን የጠራሁት ሄርማንስበርግ ላራፒንታ ዳር ያለው ትልቁ መንደር ነው፣ የቦታው የአረርንተ ስም ንታሪያ ነው። ሄርማንስበርግ ጀርመን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ እዛ ሉድቪግ ሀርምስ የሚባል የሉተራን ቄስ በ1849 ሚሲዮናውያን ማሰልጠኛ ከፈተ፣ የመጀመሪያ ህልሙም ኢትዮጵያ ነበረች፣ ኦሮሞ ዘንድ መድረስ። በ1853 ለዚሁ ብለው መርከብ ሰሩ፣ ስሟን ካንዳሴ አሏት፣ በሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችው የኢትዮጵያ ንግሥት፣ እኛ ህንደኬ የምንላት። መርከቧ በምስራቅ አፍሪካ ጠረፍ በኩል ለመግባት ሞከረች፣ አልተሳካም፣ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ ናታል ሰፈሩ። ያው ድርጅት ነው ከዛ ወደ አውስትራሊያ ሰው የላከው፣ ሚሲዮናውያኑ ጥቅምት 1875 ላይ ከደቡብ አውስትራሊያ ከብትና በግ እየነዱ ተነሱ፣ ድርቁ መንገድ ላይ አቆያቸውና ላራፒንታ ዳር የደረሱት ሰኔ 1877 ነው፣ ቦታውንም በአገራቸው ከተማ ስም ሄርማንስበርግ አሉት። ኢትዮጵያ ደሞ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገቡ፣ ምዕራብ ወለጋ ዓይራ። አንድ ምንጭ ሆኖ አንዱ ዓይራ ሌላው የአውስትራሊያ በረሃ መሀል ደረሰ፣ ይሄን ሳውቅ የሩቅ መስሎኝ የነበረው ወንዝ በድንገት ቀረበኝ።

ሚሲዮኑ ለስም ጉዳይ ሁለት ፊት ነው ያለው። በአንድ በኩል የአረርንተን ሥርዓትና ክብረ በዓል ከልክሏል፣ ይሄ መደበቅ የለበትም። በሌላ በኩል ቋንቋው እንዲጻፍ ያደረገው ራሱ ሚሲዮኑ ነው። በ1894 ንታሪያ የደረሰው ካርል ስትሬሎ 28 ዓመት እዛው ኖሮ አዲስ ኪዳንን ወደ አራንዳ ተረጎመ (አራንዳ የድሮው አጻጻፍ ነው)፣ ከ7,000 በላይ የአራንዳ ቃላት ያሉበት መዝገበ ቃላትም አዘጋጀ፣ እሱ ራሱ ታትሞ ሰው እጅ የገባው በ2018 ነው። የስትሬሎ ሞት ደሞ ከወንዙ ጋር የተያያዘ ነው። በ1922 በጠና ሲታመም ሀኪም የለም፣ ባቡሩ ያለው በጣም ርቆ ደቡብ ኡድናዳታ ነው፣ ስለዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በፈረስ ጋሪ ጭነውት በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ወደ ታች ይዘውት ሄዱ፣ ሰውየው ሰውነቱ አብጦ መተኛት አይችልም፣ ጋሪው አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሙቀቱ አለ፣ የ14 ዓመት ልጁም አብሮ ነበር። ጥቅምት 20 ቀን ሆርስሹ ቤንድ የሚባል የወንዙ መታጠፊያ ላይ ያለ የከብት እርባታ ጣቢያ ደርሶ እዛው አረፈ። ልጁ አድጎ የአረርንተን መዝሙርና የቦታ ስም ሲመዘግብ የኖረ ሰው ሆነ።

ስሞችንና ታሪኮችን መመዝገብ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም፦ የዘንባባው ነገር። ከላራፒንታ ገባሮች አንዱ በሚወርድበት ሸለቆ፣ አረርንተዎች ምፑሉንግኪኛ የሚሉት፣ በበረሃው መሀል ረጃጅም ዘንባባዎች አሉ። አሳሹ ኧርነስት ጋይልስ በ1872 አያቸው፣ ሳይንሳዊ ስማቸውም በአንዲት የሩሲያ ልዕልት፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ ባገባችው በማሪያ ተሰየመ፣ እንደገና የሩቅ ሰው ስም ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶች እነዚህ ዛፎች አውስትራሊያ እርጥብ ደን ከነበረችበት ዘመን የተረፉ፣ ሚሊዮን ዓመታት የቆዩ ቅሪት ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በ2012 ዲኤንኤያቸው ሲመረመር ግን ዘመዶቻቸው ወደ ሰሜን 1,000 ኪሎሜትር ገደማ ርቀው ያሉት ሆነው ተገኙ፣ የተለያዩትም 15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ያኔ ደሞ ሰው አውስትራሊያ ከገባ ቆይቷል፣ ስለዚ ዘሩን ሰው አምጥቶት ሊሆን ይችላል ተባለ። ቆይቶ አንድ የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ስትሬሎ በ1894 በጀርመንኛ የጻፈውን ትርጉም ሲያይ እዛ ላይ ምን አገኘ፣ አረርንተዎች ራሳቸው የነገሩት ታሪክ፣ ከሰሜን የመጡ አማልክት የዘንባባውን ዘር ወደዚህ ወንዝ አመጡት የሚል። ላቦራቶሪው የደረሰበትን ነገር ሰዎቹ ከመቶ ዓመት በፊት ተናግረውት ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን በቃል ብቻ ተሸክመውት ኖረው ከሆነ እንዲህ ዓይነት ትዝታ ያለው ሕዝብ ለወንዙ የሰጠውን ስም ሰርዞ የአንድ ነጋዴ ስም መጻፍ ከስም በላይ የሆነ ነገር ያጠፋል።

እሺ አሁን ምን እየተደረገ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የቦታ ስም መመለስ ላለፉት 30 ዓመታት እየተካሄደ ያለ ነገር ነው። ኡሉሩ የሚባለው ግዙፍ ቀይ ዓለት በ1993 ፈረንጆቹ ካወጡለት ኤርስ ሮክ ጋር ጥምር ስም ተሰጠው፣ በ2002 ደሞ ኡሉሩ የሚለው ወደ ፊት መጣ። ላራፒንታ በጎርፍ ጊዜ ወደሱ አቅጣጫ የሚዘልቀው ሀይቅ በ2012 ካቲ ታንዳ ሌክ ኤር ተባለ። በ2020 ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ በቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ስም ይጠሩ የነበሩ ተራሮች፣ ያው ኮንጎን ያስለቀሰው ሊዮፖልድ፣ ስማቸው ተነስቶ ዉናሚን ሚሊዉንዲ ሆኑ፣ በ2023 ደሞ ፍሬዘር የሚባለው ደሴት ጋሪ ወደሚለው የጥንት ስሙ ተመለሰ። ላራፒንታስ? የሚገርመው ስሙ አልጠፋም፣ ግን ከወንዙ በስተቀር ሁሉም ነገር ላይ ነው ያለው። ከ220 ኪሎሜትር በላይ የሚረዝመው ታዋቂው የእግር ጉዞ መንገድ ላራፒንታ ይባላል፣ አውራ ጎዳናውም ላራፒንታ ነው፣ አሊስ ስፕሪንግስ ውስጥ ሰፈርም አለ ላራፒንታ የሚባል፣ ወንዙ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ዓሣ እንኳ በሳይንሳዊ ስሙ ላራፒንቴ ነው የሚባለው። ካርታውን ስትከፍቱ ወንዙ ላይ የተጻፈው ግን ፊንክ ነው። ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነስቶ በረሃውን የሚያቋርጠው፣ ከ1976 ጀምሮ የሚካሄደው ትልቁ የሞተርና የመኪና ውድድርም በፊንክ ስም ነው የሚጠራው፣ መድረሻው መንደር ራሱ ዛሬ አፑቱላ ተብሎ እየተጠራ።

የሚቃወሙት ሰዎች የሚያነሱት አለ፣ ሰው ይደናገራል፣ ሰሌዳና ካርታ መቀየር ወጪ ነው፣ የአሳሾቹም ታሪክ እኮ ታሪክ ነው የሚል። ታሪክነቱን አልክድም፣ ስቱዋርት በሦስተኛው ሙከራው በ1862 አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጡ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ፊንክ የሚለው ስም 160 ምናምን ዓመቱ ነው፣ ጥምር ስም ተደርጎ አብሮ ቢጻፍ የሚጠፋበት ነገር የለም፣ የኡሉሩ ተሞክሮም ሰው እንደሚለምድ ያሳያል፣ ዛሬ ኤርስ ሮክ የሚል ሰው ስንት ነው?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱም በችኮላ መመለስ። የሜልቦርን ያራ ወንዝ ስሙ የአገሬው ስም ይመስላል፣ ግን በ1835 አንድ ቀያሽ ሰዎቹ ስለሚወርደው ውሃ ያሉትን ቃል የወንዙ ስም መስሎት ጻፈው፣ እውነተኛው ስሙ ቢራሩንግ ነው። ላራፒንታም ላይ ጥያቄ አለ፣ ምክንያቱም አንድ ወንዝ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ስም ይኑረው የሚለው ሀሳብ ራሱ የካርታ ሰሪዎች ልማድ ነው። እዛ አገር ስም የሚሰጠው በዋነኛነት ለቦታ ነው፣ ለኩሬው፣ ለመታጠፊያው፣ ለገደሉ። ግሌን ሄለን ያፓልፐ ነው፣ ከሄርማንስበርግ በታች ውሃ የማይደርቅበት ቦታ ኢርብማንግካራ ነው። ላይኛው ወንዝ የምዕራብ አረርንተ ነው፣ ወደ ታች ስትወርዱ የፔርታም ተናጋሪዎች አገር ይመጣል፣ ፔርታም ደቡብ አረርንተ የሚባለው ነው፣ ከዛም በታች ሌሎች አሉ። ስለዚ አንድ ቀን ሰሌዳው ላራፒንታ ተብሎ ከተቀየረ የላይኛዎቹን አስደስቶ የታችኞቹን ስም በሁለተኛ ዙር ሊሰርዝ ይችላል። በየመሻገሪያው የዛ ቦታ ስም ቢጻፍ ነው የሚሻለው ባይ ነኝ፣ ጥያቄውም መቅረብ ያለበት እዛው ለሚኖሩት ነው።

ጊዜ ደሞ የለም። ወንዙን የሚለውጠው ነገር ብዙ ነው፣ አንዱ አቴል የሚባል ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምስራቅ በኩል የመጣ ዛፍ ነው፣ ለቤት ጥላ ብለው ተከሉት፣ በ1970ዎቹ የነበሩት ጎርፎች ዘሩን ይዘውት ሄዱና በወንዙ ላይ 600 ኪሎሜትር ገደማ ተበተነ። ቅጠሉ ጨው ያወጣል፣ ሲረግፍ ከስሩ ያለው አፈር ይጨምማል፣ ቀይ ባህር ዛፉ ቦታ ያጣል። ለዓመታት እየነቀሉና እየቆረጡ ነው የሚታገሉት። ፔርታምን አቀላጥፈው የሚናገሩት ሰዎች ደሞ በጣት የሚቆጠሩ አዛውንቶች ናቸው፣ አሊስ ስፕሪንግስ ውስጥ ወጣቶች አንድ አዛውንት ጋ ተቀምጠው ሙሉ ሰዓቱን በቋንቋው ብቻ እያወሩ የሚማሩበት ፕሮግራም ጀምረዋል፣ እንግሊዝኛ ጣልቃ አይገባም። ከአዛውንቶቹ ጋር ወደ ወንዙ ወርደው እያንዳንዱን ኩሬ በስሙ የሚማሩ ከሆነ ካርታው ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚያውቁት እነሱ ይሆናሉ።